ኮምቦልቻ ላይ የእንቅልፍ ጥናት ልሠራ ነው፤ በመጠይቅ ልለካ ወይስ በእጅ ሰዓት?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ኮምቦልቻ ባሉ የፋብሪካ ሠራተኞች እንቅልፍ ላይ ልሠራ ነው። በሦስት ፈረቃ የሚሠሩትን ማለቴ ነው። ርዕሱ ጸድቋል። የቸገረኝ መለኪያው ነው።

አማካሪዬ "ፒ ኤስ ኪው አይን ተጠቀም፣ ሁሉም የሚሠራው በሱ ነው" አሉኝ። ለማያውቀው ሰው፦ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ መጠይቅ ነው። ያለፈውን አንድ ወር እንቅልፍ ይጠይቃል። 19 ጥያቄ አለው፤ ጥያቄዎቹ በ7 ክፍል ይጠቃለላሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛል፤ ድምሩ ከ21 ነው። ከ5 በላይ ያመጣ ሰው "የእንቅልፍ ጥራቱ ደካማ ነው" ይባላል።

ጓደኛዬ ደግሞ ይስቅብኛል። "በዚህ ዘመን ወረቀት? ስማርት ሰዓት ግዛና እያዟዟርክ እጃቸው ላይ እሰርላቸው፣ ማሽን አይዋሽም" ይላል። ብሩን ከየት እንደማመጣው ግን አልነገረኝም።

ሌላም አለ። መጠይቁ "አብዛኛውን ጊዜ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ትተኛለህ?" ይላል። ሰውዬው በዚህ ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ነው፣ በሚቀጥለው የጠዋት። ምን ብሎ ይመልስ? የምታውቁ እርዱኝ።

ሲስተር ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ እንኳን እኛን የሌሊት ሰዎችን አስታወስክ። እኔ ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው ያረጀሁት ማለት ይቻላል።

ያልከው መጠይቅ አንዴ ተሞልቶብኛል። ተሞልቶብኛል ያልኩት ራሴ ስላልሞላሁት ነው። መረጃ ሰብሳቢው ልጅ መጣና "ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?" አለኝ። "4 ሰዓት" አልኩት። ከተረኝነት ወጥቼ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ቤት አስተካክዬ ጋደም የምለው ጠዋት 4 ሰዓት ነው። እሱ ምን ጻፈ? ከምሽቱ 4 ሰዓት! "ስንት ሰዓት ትነሻለሽ?" ሲለኝ ደግሞ "9 ሰዓት" አልኩት። የከሰዓቱን 9 ማለቴ ነው። እሱ የሌሊቱን ያዘ። በሱ ወረቀት ላይ እኔ ሌሊት ተኝቼ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የምነቃ ሴት ነኝ። በዚያን ሰዓት እኮ መርፌ ይዤ ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ ነበር።

ስለዚህ ከሰዓቱ ቁጥር ጎን "ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት" የሚል ሳጥን አድርግ። የመረጃ ሰብሳቢዎችህን ስልክ ደግሞ እየው። አንዳንዱ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚመዘግበው። ሁለቱ ሲደባለቁ 6 ሰዓት ይዛነፋል፤ ያኔ አልጋ ላይ 13 ሰዓት የቆየ ሰው ታገኛለህ።

አባ ጀባ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ወሎ ውስጥ እንቅልፍ ሊለካ! ሱብሒ 11 ሰዓት ገደማ ይቀሰቅስሃል። ጎረቤትህ ክርስቲያን ከሆነ የማኅሌቱ ከበሮ ከዚያ በፊት ጀምሯል። ሁለቱም ዝም ካሉ የሰፈሩ ውሻ አለ። እኛ ተኝተን አናውቅም እኮ፣ ምኑን ትለካለህ 😄

ከሀገር የራቀ (የወረኢሉ ልጅ)

አባ ጀባ ቀልዱን ነው፣ ግን ቁም ነገር ተናግሯል። እመለስበታለሁ።

የኔ ሥራ ሰው ሲተኛ ማየት ነው። ባለሁበት ሀገር የእንቅልፍ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። "ማሽን አይዋሽም" ላለው ጓደኛህ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ልንገረው።

እንደ ዋና መለኪያ የሚቆጠረው ፖሊሶምኖግራፊ ይባላል። ሰውዬው ማታ ይመጣል። ራስ ቅሉ ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነቡ ሽቦዎች እንለጥፋለን። ከዓይኑ ጎን፣ አገጩ ላይ፣ እግሮቹ ላይ፣ ደረቱ ላይም ሌላ ሽቦ አለ። አፍንጫው ስር ትንፋሹን የሚከታተል ቱቦ፣ ደረቱና ሆዱ ላይ ቀበቶ፣ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ። ከዚያ "በል እንግዲህ ተኛ" እንለዋለን። እንዴት አድርጎ ይተኛ? ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት እንደ ቤቱ አይተኛም። ይህ የታወቀ ነገር ስለሆነ አንዳንድ ጥናቶች የመጀመሪያዋን ሌሊት ለማላመጃ ብቻ ይተዋሉ።

ጠዋት ላይ የተቀዳውን በ30 ሴኮንድ እንቆራርጠዋለን። የ8 ሰዓት ቅጂ 960 ቁራጭ ይወጣዋል። ለእያንዳንዷ ቁራጭ ስም እንሰጣለን፦ ነቅቷል፣ ኤን 1፣ ኤን 2፣ ኤን 3 (ከቀላሉ እንቅልፍ እስከ ጥልቁ) ወይም ሬም። ሬም ዓይን ከሽፋሽፍቱ ስር የሚሯሯጥበት፣ ሕልም የሚበዛበት ደረጃ ነው። አዜሪንስኪና ክላይትማን ቺካጎ ላይ አግኝተውት እ.ኤ.አ. በ1953 ነው ያሳተሙት። አቆራረጡንና አሰያየሙን የሚደነግገው የመጀመሪያው የጋራ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተሻሽሎ ጥልቅ እንቅልፍ የነበሩት ደረጃ 3 እና 4 አንድ ሆኑ። እንግዲህ የ1990ዎቹን ጥናት ከዛሬው ጋር ስታወዳድር ተጠንቀቅ።

አሁን ወደ "አይዋሽም" እንምጣ። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ቅጂ ለየብቻ ብናነበው ከ100 ቁራጭ በ80 ገደማው ነው የምንስማማው። እኛ ሰነፎች ሆነን አይደለም፤ በዓለም ያሉ የሠለጠኑ አንባቢዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በጣም የምንለያየው ኤን 1 ላይ ነው። ሰው የሚያንቀላፋባት፣ "ተኝቷል ወይስ ነቅቷል" የምታሰኘው ደረጃ ናት።

የእጅ ሰዓቱ ደግሞ አንጎልን አያይም። የሚያየው የእጅህን እንቅስቃሴ ነው፤ አዳዲሶቹ የልብ ምትንም ይጨምራሉ። ለጥናት የሚሠራው አክቲግራፍ የሚባለው ነው፤ ለሳምንታት እጅ ላይ ይቆያል። ለፈረቃ ሠራተኛ ጥሩ ነው፣ መቼ እንደተኛና መቼ እንደተነሳ ከሞላ ጎደል ያሳይሃል። ግን እንቅልፍ አጥቶ፣ ጣሪያ ላይ አፍጦ፣ ሳይንቀሳቀስ ያደረ ሰው ለሱ እንደተኛ ነው የሚቆጠረው። ለማጥናት የፈለግከውን ሰው ራሱን ነው የሚስትብህ። የሱቁ ስማርት ሰዓት "ጥልቅ እንቅልፍ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ" ሲልህ ደግሞ ግምት መሆኑን እወቅ። መመረቂያ ላይ አታስገባው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ግን አሁን ባሰብኝ። ማሽኑም የማይስማማ ከሆነ፣ ሰዓቱም ከሳተ፣ መጠይቁም ሲስተር እንዳለችው ከሆነ፣ በምን ልለካ?

ከሀገር የራቀ

ጥያቄህን ገልብጠው። ምኑን ነው የምትለካው?

እንቅልፍ ማጣትን ከሆነ ማሽን አያስፈልግህም። እንቅልፍ ማጣት ራሱ የሚታወቀው በሰውዬው ቃል ነው። ለመተኛት መቸገር ወይም እየነቁ ማደር፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ቢያንስ ለ3 ወር፣ ቀን ላይ ጉዳቱ እየታየ፣ የመተኛ ጊዜና ቦታ ደግሞ እያለው። ሐኪም በጥያቄ ነው የሚደርስበት። እኛ ጋ መጥቶ 6 ሰዓት ተኝቶ አድሮ ጠዋት "2 ሰዓት እንኳ አልተኛሁም" የሚል ታማሚ አለ። አይዋሽም። ቅጂው ሌላ፣ የሱ ስሜት ሌላ ነው። ሁለቱም መረጃ ናቸው።

በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆምን ከሆነ ግን በተቃራኒው ነው። ሰውዬው ራሱ አያውቀውም። ያለ መሣሪያ አይረጋገጥም። በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሹ ቆመ ወይም ሳሳ ተብሎ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሴኮንድ መቆየት አለበት። ከ5 በታች ደህና፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ።

ያማካሪህ መጠይቅ የሚለካው ሦስተኛ ነገር ነው። ሰው በእንቅልፉ ምን ያህል ተማርሯል የሚለውን። ቴርሞሜትር ትኩሳት አለ ይልሃል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይነግርህም፤ እሱም እንደዚያ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት

ወንድሞች ስለ ትንፋሽ መቆም ያላችሁትን አንብቤ ነው። ኤፍ ኤስ አር ነው የምነዳው፣ ከአዲስ አበባ ወልዲያ። ሚስቴ "ሌሊት ታንኮራፋና ድንገት ጸጥ ትላለህ፣ ሞተ ብዬ ስነቀንቅህ እንደገና ትጀምራለህ" ትለኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ ማጣት የሚባል አላውቅም። ራሴ ትራስ ሲነካ ነው የምሄደው። ችግሬ ቀን ነው። ደብረ ብርሃንን ካለፍኩ በኋላ ዓይኔ ይከዳኛል። ስለዚህ ጫት እይዛለሁ። ማታ ደግሞ ምርቃናው እንዲወርድ ሁለት ቢራ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ "እንቅልፌ አያሳርፈኝም" ብላቸው የእንቅልፍ ኪኒን ሰጡኝ። እሱን ስወስድ ሚስቴ ማንኮራፋቱ ባሰ አለች። ምን ላድርግ?

ከሀገር የራቀ

ሐረጎ፣ አንተን በስልክ መመርመር አልችልም፣ ግን የጻፍከው አንድም ሳይቀር የትንፋሽ መቆም ምልክት ነው። ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ። እዚያ ስትደርስ "እንቅልፌ አያሳርፈኝም" ብለህ አትጀምር። "ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል፣ ስነዳ አንቀላፋለሁ" በል። ከተቻለ ሚስትህን ይዘሃት ሂድ፤ ምስክሯ እሷ ናት።

ኪኒኑ ዳያዜፓም ወይም ዘመዱ ከሆነ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፤ መጠጥም እንደዚያው። የአየር መንገዱ ይበልጥ ይዘጋል። የሰጠህን ሐኪም ይህን ነግረህ እንዲቀይርልህ ጠይቅ። ለረጅም ጊዜ ስትወስደው ከቆየህ ግን በራስህ በአንዴ አታቋርጠው።

እስከዚያ በጎንህ ተኛ። ክብደት ካለህ ቀንስ። ዋናው ሕክምና በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው ከነጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ አልዋሽህም።

ሐረጎ ላይ ዓይንህ ከከዳህ ደግሞ ጥግ ይዘህ ቁም። ያ ዳገት ነቅተህም አያስተማምን።

ለተማሪው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሐረጎን በፒ ኤስ ኪው አይ ብትለካው ምን ታገኛለህ? ወዲያው ይተኛል፣ ረጅም ሰዓት ይተኛል፣ ሲነቃ አይታወቀውም። በነዚህ ክፍሎች ዜሮ በዜሮ። እንቅልፉ የባሰበት ሰው "ደህና እንቅልፍ" ተብሎ ሊያልፍህ ይችላል።

ሲስተር ኮምቦልቻ

ለሐረጎ ዓይነቱ ስቶፕ ባንግ የሚባል 8 ጥያቄ አለ፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ጮክ ብለህ ታንኮራፋለህ? ቀን ይደክምሃል? ትንፋሽህ ሲቆም ያየ አለ? ደም ግፊት አለብህ? ውፍረት፣ ዕድሜ ከ50 በላይ፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ወንድ መሆን። ከካናዳ የመጣ ነው፣ ቀዶ ጥገና ከመግባታቸው በፊት ሰዎችን ለማጣራት የተሠራ። 3 እና ከዚያ በላይ ከመለስክ መመርመር ይኖርብሃል። የሚያስፈልገው ሚዛንና የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፣ ሌላ ምንም አይፈልግም።

ሐረጎ ቁልቁለት

ሲስተር አላህ ይስጥሽ። ከስምንቱ አምስቱን አዎ ብያለሁ። አንገቴን ገና አልለካሁም።

ቁጥር ነው ወሬው (ወልዲያ)

ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ማንም ያላነሳውን ላንሳ።

በሀገራችን የእንቅልፍ ጥናት ስታነብ "ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእንቅልፍ ጥራታቸው ደካማ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የታተመው ትልቁ ጥናትም በዚሁ መጠይቅ ከግማሽ በላይ ነው ያገኘው። ጥናቱን አልነቅፍም፤ ጥራቱን ጠብቆ የተሠራ ነው። የምነቅፈው ከዚያ በኋላ ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ "ግማሹ ተማሪ የእንቅልፍ በሽተኛ ነው" ተብሎ የሚወራውን ነው።

እንቁጠር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው። ከ100 ሠራተኛ በእውነት እንቅልፍ ማጣት ያለባቸው 20 ይሁኑ። መጠይቁ ከ20ው 16ቱን ያዘ። ጎበዝ ነው። ከ80ው ጤነኞች ግን 32ቱንም "ደካማ" አላቸው። ድምሩ 48 ሆነ። አንተ "48 ከመቶ" ብለህ ጻፍክ። ከነዚህ ከ48ቱ 32ቱ ያለቦታቸው የገቡ ናቸው። ቁጥሩ የመጣው ከሰዎቹ ሳይሆን ከወንፊቱ ነው።

ይህ ተረት አይደለም። መጠይቁ ለኢትዮጵያውያን ይሆናል ወይ ተብሎ ሚዛን አማን ላይ ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ይሠራል፤ የታመመውን በመያዝ ጥሩ ነው። ጤነኛውን ነጻ በማውጣት ግን ደከም ይላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማጣሪያ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ በሱ ታጣራለህ፣ ቀጥሎ ከተያዙትም ካልተያዙትም ጥቂቱን በሐኪም ቃለ መጠይቅ ታረጋግጣለህ። ሁለተኛውን እርከን የሚሠራ ተማሪ ግን ብዙ አላየሁም።

አባ ጀባ

ወላሂ ወንፊቷን ወደድኳት። እኔ ግን የመጣሁት ጫቱን ላስታውስ ነው። ያ መጠይቅ ስለ ጫት ይጠይቃል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ

አይጠይቅም። እንቅልፍ ለማምጣት መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ይላል። እንቅልፍ ለማባረር ምን ትወስዳለህ አይልም።

አባ ጀባ

እና ፒትስበርግ በርጫ የለማ! ደሴ ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው ማታ 3 ሰዓት ገና ምርቃናው ላይ ነው። ከዚያ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ይህን ሰው "ለምን በ30 ደቂቃ አትተኛም" ብለህ ነጥብ ልትሰጠው ነው?

ሲስተር ኮምቦልቻ

እውነቱን ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነቃቂ ነው። ቡናውም ቢሆን፣ ከጠጣህ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ ካፌይን ገና ደምህ ውስጥ ነው። ስለዚህ "ትቅማለህ ወይ?" ብቻ አይበቃም። በሳምንት ስንት ቀን? መጨረሻ ስንት ሰዓት ላይ ተፋኸው? ጨብሲስ? ለሌሊት ፈረቃ ለመንቃት ነው ወይስ ለጨዋታ? ብለህ ጠይቅ። አንዳንዱ ሠራተኛ ፈረቃው ስላከበደበት ነው የሚቅመው። አንተ ጫት እንቅልፍ ነሳው ትላለህ፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ጫት አስያዘው።

ጥያቄው ግን ስም ሳይጻፍና አለቃው ሳይኖር ይሁን። አለዚያ ሁሉም "አልቅምም" ይልሃል።

እታለም ሱቅ (ሐይቅ)

ልጆች፣ እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ ሱቅ ነው ያለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ሌሊት ስትገባ ከርማ ቀን ስትተኛ ዱካክ ይይዛታል። ዓይኗ ተከፍቶ፣ ሰው ደረቷ ላይ ተቀምጦ፣ መጮህ እያቃታት። እኔ ቁርአን አስቀራሁላት። ትንሽ ሻል አላት። እናንተ ከምትሉት ውስጥ ይሄ የቱ ጋ ነው?

ከሀገር የራቀ

እትዬ፣ ቁርአኑን አይተዉት፣ ልብ ያረጋጋል። የሆነው ግን ይህ ነው። ቅድም ያልኩት ሬም የሚባል ደረጃ ላይ ሰውነታችን ሕልሙን እንዳይሠራው ጡንቻው ይታሰራል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ገና እንደታሰረ ይቆያል፤ ሕልሙም አላለቀም። ደረት ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ከሰኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። እንቅልፍ የጎደለበት ሰው፣ ሰዓቱ የተዘበራረቀበት፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል። የርስዎ ልጅ ፈረቃ ሲቀያየርባት መያዟ ለዚያ ነው። በጎኗ ትተኛ፣ መስኮቱን ታጨልም፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ልብስ ማጠቡን ሳትጀምር በፊት ትተኛ። ቀን ላይ ሳትፈልግ ድንገት እንቅልፍ የሚጥላት ከሆነ፣ ወይም ስትስቅ ጉልበቷ የሚከዳት ከሆነ ግን ሐኪም ይያት፤ ያ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል።

እታለም ሱቅ (ሐይቅ)

አላህ ዕድሜ ይስጥህ አባቴ። ድንገት የሚጥላት የለም። ጉልበቷም ደህና ነው፣ ምላሷም ጭምር።

ቁጥር ነው ወሬው (ወልዲያ)

እትዬ ያሉትንም መጠይቁ በቀጥታ አይጠይቅም። "መጥፎ ሕልም" የሚል አለ። ዱካክን ለብቻው ካልጠየቅከው ሰዉ እዚያ ውስጥ ይከተዋል ወይም ጨርሶ አይነግርህም።

ኤፕዎርዝ የሚባለውን የቀን እንቅልፋምነት መለኪያስ አስበሃል? ሜልቦርን ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው። 8 ሁኔታ ይሰጥና "በዚህ ጊዜ የማንቀላፋት ዕድልህ ስንት ነው?" ይላል። ድምሩ ከ24፣ ከ10 በላይ ብዙ ነው ይባላል። መጽሐፍ ስታነብ፣ ቴሌቪዥን ስታይ፣ ተሳፋሪ ሆነህ መኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያለ ዕረፍት ስትሄድ፣ በትራፊክ የቆመ መኪና ውስጥ። ለኮምቦልቻ ሠራተኛ ይሆናል። ለኩታበር ገበሬ ግን መጽሐፉም ቴሌቪዥኑም ላይኖር ይችላል። መረጃ ሰብሳቢው ደግሞ "እንዲያው ቢኖርህስ?" ብሎ ይሞላዋል። ቢኖርህስ በሚል የተሞላ ነጥብ ምን ያደርግልሃል?

ሐረጎ ቁልቁለት

ለሹፌር ደግሞ "ስትነዳ ታንቀላፋለህ?" ብለህ ከጠየቅከው መንጃ ፈቃዱን ነው የሚያስበው። እኔ እዚህ የጻፍኩት ስሜ ስለሌለ ነው።

ከሀገር የራቀ

ለዚህ ነው ላብራቶሪ ውስጥ ሳንጠይቅ የምንለካው። ሌሊት ሲለካ ያደረውን ሰው ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ 4 ወይም 5 ጊዜ ጨለማ ክፍል እናስተኛዋለን። በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከተኛ ከመጠን ያለፈ እንቅልፋም ነው። እዚያ "አላንቀላፋም" ብሎ መከራከር የለም።

አንድ የወሎ ጉዳይ ልጨምር፣ ይህን የሚያነሳው ስለሌለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፣ አየሩ ግን አንድ አይደለም። ከፍታ ላይ የደም ኦክስጅን ከመነሻውም ዝቅ ይላል። ከዚያ ዝቅታ ላይ ትንሽ የትንፋሽ መሳሳት ኦክስጅኑን ከቆላው ይበልጥ ያወርደዋል። እኛ ትንፋሽ ሳሳ ብለን ለመቁጠር ከምናያቸው ነገሮች አንዱ ኦክስጅኑ በ3 ወይም በ4 ነጥብ መውረዱ ነው። ስለዚህ ያው ሰው ደሴ ተኝቶ ሲለካ ኮምቦልቻ ከተለካው የበዛ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። አንድ ቀን የጣት ኦክስጅን መለኪያ አስረህ ሰው ልታሳድር ካሰብክ ሁለቱን ከተማ አትደባልቅ። ከአፋር ቆላ በዚያው ቀን የወጣ ሹፌርም ደሴ የሚያድርባት የመጀመሪያ ሌሊት ልዩ ናት።

አባ ጀባ ያነሳትን ልመለስባት። ወሎ ውስጥ የብዙ ሰው ሌሊት ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። ማታ 4 ተኝቶ፣ 11 ተነስቶ ሰግዶ፣ 12 እንደገና ተኝቶ 1 ሰዓት ተኩል የሚነሳ አለ። መጠይቁ አንድ መነሻ ሰዓት ብቻ ነው ያለው። 11 ብትል የኋላዋን እንቅልፍ ጣልካት፣ 1 ተኩል ብትል ለሶላት የነቃበት ሰዓት አልጋ ላይ ያለ እንቅልፍ ያሳለፈው መስሎ ይቆጠራል። አልጋ ላይ ከቆየበት ጊዜ የተኛው ከመቶ 85 ሳይሞላ ሲቀር ደግሞ የደካማነት ነጥብ ይጨመርበታል። ሰውዬው በሶላቱ ሊቀጣ ይችላል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ይህ ሁሉ ይገኛል ብዬ አልጠበቅኩም። አማካሪዬን ዛሬ አነጋገርኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ የሲስተርን የ4 ሰዓት ታሪክ ስነግራቸው ሳቁ፣ ከዚያ ተስማሙ።

ፒ ኤስ ኪው አይን አልተውኩትም፣ ከሌላ ጥናት ጋር ለማወዳደር ያስፈልገኛል። ለጠዋት፣ ለከሰዓትና ለሌሊት ፈረቃ ሳምንት ለየብቻ የመተኛና የመነሻ ሰዓት እጠይቃለሁ፣ ከነ ሳጥኑ። ከነጥቡ ውጭ አድርጌ ለብቻ ነው የምዘግበው፤ ያለዚያ መጠይቁን ቀየርከው እባላለሁ። እንቅልፍ ማጣቱን አይ ኤስ አይ በሚባለው ባለ 7 ጥያቄ የእንቅልፍ ማጣት መጠይቅ እለካለሁ። ከ28 ነጥብ 15 እና ከዚያ በላይ ያመጡትን፣ ካላመጡት ደግሞ በዕጣ ጥቂቶቹን፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግርልኛል። ስቶፕ ባንግም ገብቷል፣ ሜትሩን ገዝቻለሁ። ዱካክ አንድ ጥያቄ፣ ጫትና ቡና በሰዓት። ሰዓት ለማሰር ብር የለኝም፣ በሱ ፈንታ ፈቃደኛ ለሆኑት የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ መዝገብ እሰጣለሁ።

የቀረኝ ጊዜው ነው። ረመዳን ሳይገባ ልጨርስ ወይስ ከዒድ በኋላ ልጀምር?

ቁጥር ነው ወሬው (ወልዲያ)

መጠይቁ "ያለፈው አንድ ወር" ነው የሚለው። ዒድ ማግስት ብትጀምር የምትለካው ረመዳንን ነው፣ ሱሑሩን ጭምር። ወይ ሳይገባ ጨርስ፣ ወይ ከዒድ በኋላ ሙሉ አንድ ወር አሳልፍ። ግማሹን በፊት ግማሹን በኋላ ብቻ እንዳታደርገው።

ሲስተር ኮምቦልቻ

ሳይገባ ይሻላል። ከሌሊት ፈረቃ የሚወጡትን ግን በር ላይ አትያዛቸው፤ ሰርቪሱ እንዳያመልጣቸው ሁሉንም "አይደለም፣ አይደለም" እያሉ ነው የሚጨርሱልህ። ከሰዓት ፈረቃ ሲገቡ ከግማሽ ሰዓት በፊት ካፌው ውስጥ ይቀመጣሉ። እዚያ ጠብቃቸው። የወንድና የሴት መረጃ ሰብሳቢ ለይተህ ላክ፣ አንገት መለካት ስላለ።